ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ በኮምፒውተር ቪዥን የምርምር ኢንተርንሺፕ መሥራት፦ ከዝግጅቱ እስከ መጨረሻው ሳምንት

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። «ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ጂፒዩ (ሞዴል በፍጥነት የሚያሠለጥን የግራፊክስ ካርድ) የለኝም፣ የምኖረው ከከተማ ዳር ነው፣ መብራት ይጠፋል፤ በዲፕ ለርኒንግ የምርምር ኢንተርንሺፕ ማግኘት እችላለሁ ወይ?» አዎ፣ ይቻላል። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በኮምፒውተር ቪዥን፣ ማለትም ኮምፒውተር ምስል አይቶ እንዲለይ በማድረግ ሥራ፣ ውጭ አገር ካለ የምርምር ቡድን ጋር በርቀት ሠርቻለሁ። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

በሩን የከፈተልኝ አንድ ትንሽ ሥራ ነው። በራሴ ስልክ ያነሳኋቸው የስንዴ ፎቶዎች፣ በእነሱ ላይ የሠለጠነ ቀላል ሞዴል (ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም)፣ እና ሳይጋነን የተለካ ውጤት። ሰርተፍኬቶቼን ማንም አልጠየቀኝም። ስለዚህ እዚህ ብዙ የማወራው ስለ ዳታና ስለ አለካክ ነው፤ ሥራው ካለ ማመልከቻው ይቀላል።

የምርምር ኢንተርንሺፕ ከመሥሪያ ቤት ኢንተርንሺፕ በአንድ ነገር ይለያል። የሚሰጣችሁን ጥያቄ መልሱን ማንም አያውቀውም፣ ሱፐርቫይዘራችሁም ጭምር። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ቀን ያሰባችሁት ነገር እምቢ ያለበት ቀን ነው። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

1. መሠረቱን ቶሎ ጨርሱ

ፓይተን፣ ነምፓይ፣ ማትሪክስ፣ ዴሪቬቲቭ፣ ትንሽ ፕሮባቢሊቲ። ኮርስ አታከማቹ፣ አንድ ይበቃል። እኔ የምመክረው የስታንፎርዱን ሲኤስ 231ኤን ነው፤ ትምህርቱ ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለ፣ የቤት ሥራዎቹም ክፍት ናቸው። ቪዲዮውን በሌሊት ጥቅል አውርዳችሁ ቀን ላይ ያለ ኢንተርኔት እዩት። የቤት ሥራውን ግን እንዳትዘሉ። ባክፕሮፓጌሽንን (ሞዴሉ ከስህተቱ የሚማርበትን ስሌት) አንዴ በነምፓይ በእጁ የጻፈ ሰው ፓይቶርች (ሞዴል መሥሪያው የፓይተን መሣሪያ) ሲያስቸግረው ችግሩን የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

2. ጂፒዩ ተዋሱ፣ ለመብራት መጥፋት ተዘጋጁ

እ.ኤ.አ. በ2012 የምስል ምደባን ታሪክ የቀየረው አሌክስኔት የተባለው ሞዴል የሠለጠነው እያንዳንዳቸው 3 ጊጋ ሜሞሪ ባላቸው ሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ላይ ነው። በ1.2 ሚሊዮን ፎቶ ላይ ከ5 እስከ 6 ቀን ፈጅቶበታል። ዛሬ ኮድ በኢንተርኔት የሚያስኬድልን ጉግል ኮላብ በነፃ የሚያውሰን ቲ4 ካርድ 16 ጊጋ አለው። ተመሳሳዩ ካግል ደግሞ ስልክ ቁጥራችሁን ካረጋገጣችሁ በሳምንት 30 ሰዓት ገደማ ጂፒዩ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ዳር ለምንኖር ሰዎች ካግል ይሻላል እላለሁ። ነፃው ኮላብ ላይ መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ አብሮ ሲሄድ ግንኙነቱ ይቋረጥና ትንሽ ቆይቶ ሥራው ይሞታል። ካግል ላይ ግን «ሴቭ ኤንድ ራን ኦል» ብላችሁ ከላካችሁት ኖትቡኩ (የኮድ ፋይላችሁ) በእነሱ ማሽን ለብቻው ይሮጣል። ላፕቶፑን ዘግታችሁ ተኙ፣ ጠዋት ውጤቱን ታገኙታላችሁ።

የትም ብትሠሩ በየኢፖኩ (ሞዴሉ ዳታውን ሁሉ አንዴ አይቶ በጨረሰ ቁጥር) ቼክፖይንት፣ ማለትም የደረሰበትን ቅጂ፣ አስቀምጡ። የሞዴሉ ክብደቶች (የተማራቸው ቁጥሮች) ብቻቸውን አይበቁም፤ የኦፕቲማይዘሩ (ክብደቶቹን የሚያስተካክለው ክፍል) ሁኔታና የኢፖክ ቁጥሩም አብረው ይቀመጡ። ከዚያ ሆን ብላችሁ መሐል ላይ አቋርጡትና ከቆመበት መቀጠሉን አረጋግጡ። እኔ ሳልሞክረው አምኜ ሁለት ሌሊት የሮጠ ሥራ ጠፍቶብኛል፣ እናንተ ላይ እንዳይደርስ።

ዳታ ስትጭኑ ደግሞ ፎቶዎቹን አስቀድማችሁ አሳንሱ። ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚያዩት 224 በ224 ነው፤ የስልካችሁን 12 ሜጋፒክስል ፎቶ እንዳለ መጫን የኢንተርኔት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ረጅሙን ጎን ወደ 512 አውርዱት፣ ዋናውን ግን ፍላሽ ላይ አስቀሩት።

3. ጥያቄያችሁን ከሰፈር ፈልጉ

ብዙ ሰው ኤምኒስት ላይ ይከርማል። 28 በ28 የሆኑ የቁጥር ምስሎች ናቸው፣ ለመለማመድ ጥሩ ናቸው። ግን «ኤምኒስት ሠርቻለሁ» የሚል ደብዳቤ ለፕሮፌሰሩ ስለ እናንተ ምንም አይነግረውም፣ ሁሉም ሠርቶታልና።

የእኛ ሀብት ሰፈራችን ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከቆዬ ፈጬ የመጨረሻ ብሎክ አልፋችሁ ትንሽ ብትሄዱ ጥቁር መሬት ላይ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ ታገኛላችሁ። በሰንዳፋም በሆለታም በኩል እንደዚሁ ነው። እርሻ የማይቀርባችሁ ከሆነ የሱቅ ታፔላዎችን አማርኛ ማንበብ፣ ታክሲ ተራ ላይ ሚኒባስና ባጃጅ መቁጠር፣ የእንጀራ ዓይን መቁጠር፣ ሁሉም እውነተኛ ጥያቄ ነው። የእንጀራው ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኑ የጥራት መለኪያ መሆኑን እናቶቻችን ያውቃሉ፣ ለኮምፒውተር ግን ብርሃንና ጥላ ሲቀያየር ቀላል አይደለም።

እኔ የመረጥኩት የስንዴ ዋግ የተባለውን በሽታ ነው። ሦስት ዓይነት አለ። ቢጫው ዋግ ቅጠሉ ላይ መስመር ሠርቶ ይሰለፋል፣ የቅጠል ዋግ ቡኒ ብርቱካናማ ሆኖ ተበታትኖ ይወጣል፣ የግንድ ዋግ ደግሞ ጡብ መሰል ቀለም ይዞ ግንዱን ይይዛል። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ አገሪቱ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ገበሬዎቹ እስከ ዛሬ ያነሱታል። ጤነኛውን ጨምሬ አራት ክፍል አደረግሁት።

ማሳ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ጥሩ ጊዜ ነው። ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትግቡ። በእኛ በኩል ብዙዎቹ ገበሬዎች ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ቋንቋውን የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ ካልሆነም «አካም ጅርቱ» ብላችሁ በአክብሮት ሰላም በሉና ምን እንደምትሠሩ በግልጽ አስረዱ። እኔን መጀመሪያ የተቀበሉኝ አባት «ፎቶው ለመንግሥት ነው?» ብለው ነበር የጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው፣ ስልኩንም አሳየኋቸው፣ ከዚያ በኋላ ራሳቸው የታመመውን ጥግ መሩኝ። የሰው ፊት አታንሱ። ሰብሉን አትርገጡ፤ የዋግ ብናኝ በልብስና በጫማ ተሸክሞ ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዳር ዳሩን ያዙ።

ፎቶውን ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ደመና ሲሆንም አንሱ። ለእያንዳንዱ ፎቶ የማሳውን ቁጥር፣ ቀኑንና የስልኩን ዓይነት መዝግቡ። የማሳውን ቁጥር አደራ፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ያለ እሱ አይሆንም። ጓደኛችሁ ፎቶ በቴሌግራም ሲልክላችሁ «እንደ ፋይል» ብሎ ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላከው ይጨመቅና ዝርዝሩ ይጠፋል።

ሌብሉን፣ ማለትም ፎቶው የየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚናገረውን ምልክት፣ ለብቻችሁ አትስጡ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ዲኤ የምንላቸው፣ ብዙ ያውቃሉ። ሁለት ሰው ሳይመካከር ሌብል ያድርግና የተለያዩበትን ቁጠሩ። ሁለት ባለሙያዎች ያልተስማሙበትን ፎቶ ሞዴሉ እንዲያውቅ መጠበቅ ተገቢ አይደለም፣ ቁጥሩንም ሪፖርታችሁ ውስጥ አስገቡት።

4. አለካኩን አስተካክሉ

እዚህ ጋ ነው ተማሪ ከተመራማሪ የሚለየው። የመጀመሪያ ሞዴሌ ያወጣው ቁጥር በጣም ከፍተኛ ነበር፣ በደስታ ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ። ከዚያ ፎቶዎቹን ስመለከት አንድ ተክል አሥር ጊዜ አንስቼው ሰባቱ ማሠልጠኛው ውስጥ፣ ሦስቱ መፈተኛው ውስጥ ገብተዋል። ሞዴሉ በሽታውን ሳይሆን ተክሉን፣ አፈሩን፣ የዚያን ቀን ብርሃን ነበር የሚያውቀው። ዳታውን በፎቶ ሳይሆን በማሳ ከፈልኩት፤ የተወሰኑ ማሳዎች ሙሉ በሙሉ ለመፈተኛ ብቻ ቀሩ። ውጤቱ ክፉኛ ወረደ። ያ የወረደው ቁጥር ግን ኢንተርንሺፑን አስገኘልኝ፤ ሱፐርቫይዘሬ በመጀመሪያው ስብሰባችን የጠየቀኝ ስለ እሱ ብቻ ነበር።

ይህ ነገር የእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በጣም የታወቀ ሥራ አለ። ፕላንትቪሌጅ በተባለው፣ 54,306 የቅጠል ፎቶዎች በያዘው ዳታ ላይ የሠለጠነ ሞዴል 99.35 በመቶ አገኘ። ተመራማሪዎቹ እዚያ አላቆሙም። ከሌላ ምንጭ በመጡ ፎቶዎች ሲፈትኑት ወደ 31 በመቶ ገደማ ወረደ፣ ይህንንም እዚያው ፔፐር ላይ ጻፉት። ዳታው ውስጥ ያሉት ቅጠሎች ተቆርጠው አንድ ወጥ ጀርባ ላይ የተነሱ ናቸው፤ ማሳ ውስጥ ያለው ቅጠል ደግሞ ሌላ ቅጠል ይሸፍነዋል፣ ጥላ አለበት፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ሁለተኛው ነገር፣ አማካይ ቁጥር ብቻ አታቅርቡ። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ፎቶ ፆታ የሚለዩ የንግድ ሲስተሞች ቆዳቸው ጠየም ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ቆዳቸው ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። አንድ አማካይ ቁጥር ቢነገር ይህ ሁሉ ተደብቆ ይቀር ነበር። እናንተም በየክፍሉ፣ በየማሳው፣ በየስልኩ ለያይታችሁ አሳዩ። ኮንፊውዥን ማትሪክስ (የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደተምታታ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ሥሩ፣ ከዚያ ሞዴሉ የተሳሳተባቸውን 50 ፎቶዎች አንድ በአንድ በዓይናችሁ እዩ። አንድ ከሰዓት ይፈጃል፣ ከየትኛውም አዲስ የሞዴል አሠራር የበለጠ ያስተምራል።

5. ስታሠለጥኑ

ረስኔት-18 የተባለውን ሞዴል አስቀድሞ በኢሜጅኔት (ትልቅ የፎቶ ስብስብ) ከሠለጠኑ ክብደቶች ጋር ውሰዱ። ፋይሉ 45 ሜጋ ገደማ ነው፣ ለትንሽ ዳታ ይበቃል።

ከዚያ በፊት ግን ቤዝላይን፣ ማለትም ማነጻጸሪያ የሚሆን ቀላል ዘዴ፣ ያስፈልጋል። የፎቶውን የቀለም ሂስቶግራም አውጥታችሁ ለሎጂስቲክ ሪግሬሽን ስጡት። ዋግ ቀለም አለው፣ ስለዚህ ይህ ቀላል ነገር ከምትገምቱት በላይ ይሄዳል። ረስኔቱ እሱን በብዙ ካልበለጠ ምን እየተማረ እንደሆነ ጠይቁ።

ማሠልጠኑን ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለት ፍተሻ አድርጉ። የመጨረሻው ሌየር አዲስ ከሆነና አራት ክፍል ካላችሁ የመጀመሪያው ሎስ (የሞዴሉ የስህተት መጠን) ወደ 1.39 መጠጋት አለበት፣ ይህ የ4 ናቹራል ሎጋሪዝም ነው፤ ከዚያ በጣም ከራቀ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሁለተኛ፣ አንድ ባች (በአንዴ የሚሰጥ ጥቂት ፎቶ) ብቻ ደጋግማችሁ ስጡት፤ ሎሱ ወደ ዜሮ ካልወረደ ኮዱ ላይ ስህተት አለ፣ ሙሉ ዳታውን መስጠት ጊዜ ማባከን ነው።

ሞዴሉ ውስጥ የሚገባውን ምስልም መልሳችሁ ስክሪን ላይ አውጡና እዩት። ኦፕንሲቪ የተባለው የምስል ማንበቢያ ቀለሞቹን ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ብሎ በተገላቢጦሽ ነው የሚያነበው። ይህን ሳያስተካክል ቢጫ ዋግን ሰማያዊ አድርጎ ያሠለጠነ ሰው አውቃለሁ፣ ለሦስት ሳምንት አላስተዋለውም። በስልክ የተነሳ ፎቶም አንዳንዴ ጎኑን ተኝቶ ይገባል።

እያንዳንዱን ሙከራ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ሲዶች (የዘፈቀደ መነሻ ቁጥሮች) አሂዱ። አንዱ ዘዴ ሌላውን በ1 በመቶ በለጠ ለማለት ሲድ ሲቀየር ያለው ልዩነት ከዚያ ማነሱን ማወቅ አለባችሁ።

6. ፔፐር ማንበብ

ፔፐር (የምርምር ጽሑፍ) እንደ ልብ ወለድ ከላይ ወደ ታች አይነበብም። መጀመሪያ አብስትራክቱን (ማጠቃለያውን)፣ ሥዕሎቹንና ሠንጠረዦቹን እዩ። ይጠቅመኛል ካላችሁ ዘዴውን አንብቡ። በጣም ከጠቀመ አንዷን ሠንጠረዥ ራሳችሁ ለመድገም ሞክሩ። በሳምንት ሁለት ፔፐር በደንብ ማንበብ ሃያ ከማገላበጥ ይሻላል።

አርካይቭ የተባለው ድረ ገጽ ላይ አብዛኛው በነፃ አለ። ከእሱ በተጨማሪ ኦፕንሪቪውን ልመዱት፣ እንደ አይሲኤልአር ያሉ ጉባኤዎች የገምጋሚዎቹን አስተያየትና የጸሐፊዎቹን መልስ እዚያ ያወጣሉ። አንድ ሥራ ለምን እንደተጣለ ማንበብ የራስን ሥራ ያሻሽላል። ይኸው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ሊካሄድ ነበር፣ በኮቪድ ምክንያት በኢንተርኔት ሆነ፤ በ2023 ኪጋሊ ላይ ሲደረግ ብዙ አፍሪካውያን ተማሪዎች ደርሰውበታል። ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ የተባለው የአፍሪካ ጉባኤም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ፣ ተከታተሉት።

7. ደብዳቤውን መላክ

አገር ውስጥ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያ ቅርባችሁን እዩ። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት፣ ሥራችሁ እርሻ ነክ ከሆነ ደግሞ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል። ተማሪ ከሆናችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ከዲፓርትመንታችሁ አስቀድማችሁ አውጡ፣ ማኅተም እስኪመታ ሳምንት ሊሄድ ይችላል።

ወደ ውጭ ከሆነ እንደ ሳዑዲው ካውስት፣ የጃፓኑ ኦይስት፣ የስዊዘርላንዱ ኢፒኤፍኤልና የኦስትሪያው አይኤስቲኤ ያሉ ተቋማት ለተማሪው እየከፈሉ የሚቀበሉባቸው ፕሮግራሞች አሏቸው። የአውሮፓ የበጋ ፕሮግራሞች ማመልከቻ በብዛት ከኅዳር እስከ ጥር ይዘጋል። ፓስፖርት ከሌላችሁ ዛሬ ጀምሩ።

ፕሮግራም ሳይጠብቁ ለአንድ ተመራማሪ በቀጥታ መጻፍም ይቻላል። የእኔ በዚህ ነው የተገኘው። ለፕሮፌሰሩ ብቻ ሳይሆን ለፒኤችዲ ተማሪዎቹም ጻፉ፣ እነሱ ቶሎ ይመልሳሉ። ደብዳቤው ስምንት መስመር አይለፍ። ማን ናችሁ፣ ከእሱ ፔፐር የትኛው ላይ ምን ጥያቄ አላችሁ፣ እናንተ ምን ሠራችሁ፣ ምን ቁጥር አገኛችሁ፣ የት ላይ አልሠራም፣ በሳምንት ስንት ሰዓት አላችሁ። ኮዳችሁን ያስቀመጣችሁበትን የጊትሃብ ሊንክ አያይዙ። «ለዘመናት የቆየ ሕልሜ» የሚል መግቢያ አውጡት። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለ100 ሰው አትበትኑ፤ አሥር ሰው መርጣችሁ ለእያንዳንዱ አንድ ከሰዓት ስጡ። መልስ ካልመጣ ከአሥር ቀን በኋላ አንዴ ብቻ አስታውሱ።

8. ከገባችሁ በኋላ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የቡድኑን ነባር ኮድ አሂዳችሁ የእነሱን ቁጥር ለመድገም ተጠቀሙባቸው። አዲስ ሐሳብ ይቆይ።

በየቀኑ ማስታወሻ ጻፉ። ምን ሞከርኩ፣ ለምን፣ ምን ጠበቅሁ፣ ምን ሆነ። ግምታችሁን ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ጻፉት፣ ካለቀ በኋላ ሁሉም ነገር የተጠበቀ ይመስላል። ለሳምንታዊው ስብሰባ ከአንድ ቀን በፊት አንድ ገጽ ላኩ፣ ግራፍ ያለው። ያልሠራውንም አስገቡ። እኛ አገር «አልተሳካልኝም» ማለት ለትልቅ ሰው ነውር ይመስለናል፣ ዝም ብለን ሌት ተቀን እንታገላለን። እዚያ ግን ዝምታው ነው የሚያስቀይማቸው። አንድ ቀን ሙሉ ታግላችሁ ካልወጣችሁት፣ የሞከራችሁትን ዘርዝራችሁ ጠይቁ።

የሰዓቱን ነገር አደራ። ዙሪክ ላሉ ሰዎች ጠዋት 10:00 ማለት በእነሱ በጋ ለእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ነው። እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። የስልኩን ካላንደር እመኑ፣ በጭንቅላት አታስሉ። ለስብሰባው ቀን ስልካችሁን ሙሉ ቻርጅ አድርጉና ዳታ ሙሉበት፣ ዋይፋይ ከጠፋ በስልክ ትገባላችሁ። ሰፈራችሁ መብራት እንደሚጠፋ በመጀመሪያው ሳምንት ንገሯቸው፣ ማንም አይቀየምም።

ፔፐር ሊወጣ ከሆነ ስማችሁ በደራሲነት ይገባ እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ወር በትህትና ጠይቁ። ማፈር የለም፣ የተለመደ ጥያቄ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም አዲስ ሙከራ አትጀምሩ። ኮዱን ሌላ ሰው በንጹሕ ማሽን ላይ ከባዶ ያሂደው፤ ያልሠራበትን አስተካክሉ። የሠራችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሱፐርቫይዘራችሁ ስጡና የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ከመሰነባበታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከዓመት በኋላ ዝርዝሩን አያስታውሱትም። ማሳቸውን ለከፈቱላችሁ ሰዎችም ከፎቶዎቹ ጥቂቱን አሳትማችሁ ውሰዱላቸው፣ የትኛው ጥግ ላይ ምን እንደታየ ንገሯቸው። እኔ የወሰድኩላቸው አባት አንዱን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ በሚቀጥለው መስከረም ዋጉ የታየ ቀን ራሳቸው ደወሉልኝ።